የዘንድሮው በለስ

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀትስ? እኛ በሕይወት አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚህ በላይ ሰላምታ አትጠብቅ፤ ተናድጃለሁ።

ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽተህ በጀልዴሳ በኩል የወጣህ ጊዜ አልተቆጣሁህም። ነፍስህን አዳንክ። የሚያንገበግበኝ በሰኔ የላክሃት ወረቀት ናት። "የግቢያችን በለስ አማረኝ፤ አድርቃችሁ በባቡሩ ሠራተኛ በሂርሲ ላኩልኝ። እሱ ባይመቸው ሌላ ሰው እንዲያደርስልኝ ስሜንና የምሠራበትን ሱቅ ጻፉበት" አልክ። አማረህ!

እማ ያንን ዛፍ በምን እንዳቆየችው ታውቃለህ? ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የሰሃን እጣቢ እያጠራቀመች ታጠጣዋለች። ፍሬው ለስልሶ አንገቱን ሲደፋ፣ ወፍ ሳይቀድማት አንድ በአንድ ትለቅማለች። ወተቱ ጣቷን ልጦታል። ቆርቆሮው ላይ ሰሌን ዘርግታ ዘጠኝ ቀን አደረቀችልህ። ስትጠቀልለው ግን "ስሙ እንዳይጻፍ፤ ሂርሲ ያውቀዋል" አለች። ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። ጀርባዋን ስታዞር ያንተ ቃል ከእሷ ቃል በለጠብኝ።

እሽጉን የጉምሩክ ፊናንሶች ባቡር ላይ ያዙት። ስምህን ከነሱቁ አነበቡ። ሂርሲን አስረው ከማን ተቀበልክ ብለው ሲያስጨንቁት ቤታችንን ተናገረ፤ አልፈርድበትም። በማግስቱ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው እማን ወደ ቀበሌ ወሰዷት።

ሊቀመንበሩ፣ "ልጄ የት እንደገባ አላውቅም ብለሽ አውራ ጣትሽን አሳርፈሽ አልነበር? ይሄን ማን ጻፈው?" አላት።

"እኔ" አለች።

መሠረተ ትምህርት ሦስት ዙር ገብታ ከ"ሀ" ያላለፈች ሴት! እስክሪብቶ ሰጥቶ "በይ ጻፊ" አላት። ይዛው ቆየችና "ዛሬ እጄን አሞኛል" አለችው። ሳቁባት። ማን እንደጻፈው ካልተናገረች አትወጣም ብለው አስራ አንድ ቀን ሲሚንቶ ላይ አስተኟት።

እኔ በየቀኑ ምሳ ይዤ በር ላይ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላም እለው ነበር። ሳህኑን ሰጥቼ እመለሳለሁ።

ሂርሲ ትናንት ተፈትቶ ቤት መጣና ሁሉን አወራኝ። በለሱ ላንተ እንኳ አልነበረም! ለአሠሪህ ሚስት ስጦታ ልትሰጠው ኖሯል። ለሴትየዋ ሽቶ ብትገዛላት ምን ነበረበት?

እማን ሲሰለቻቸው ለቀቋት። ጉልበቷ አብጦ ነው የመጣችው። ለቃሚ ያጣው በለስ መሬት ወርዶ፣ ተልቶ ጠበቃት። መጥረጊያ አንስታ ጠረገችው። "የደረሰብኝን እንዳትጽፊለት፤ ይጨነቃል" ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩልህ። ተጨነቅ!

እኔ በለሱን ማየት አስጠልቶኛል። እሷ ግን ማለዳ ማለዳ ከተረፈው አንዷን ልጣ ትሰጠኛለች። እምቢ ስላት በእጇ ታጎርሰኛለች። ማን ጻፈው ብላ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ሪዝቅህን፣ እንጀራህን ያስፋልህ፣ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ። ይህ የእማ ዱዓ ነው፤ ከእኔ አፍ ገና አልወጣም።

እህትህ