ዋስ የሆንኩለት ሰውዬ

ሰኞ

ወንበሩን ነቅለው ወሰዱት። ጥላውንም ጭምር። ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ያለው የኛ የአውቶቡስ ፌርማታ አሁን አንድ የብረት ምሰሶ ብቻ ነው። ወንበሩ የቆመበት ሲሚንቶ ላይ ቀዳዳዎቹ ቀርተዋል። ጥርሱ የረገፈ ድድ ይመስላል። የኔን ማለቴ ነው።

ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰውን ሠራተኛ "ለማን ሳሎን ነው የምትወስደው?" ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። "ለደኅንነታችሁ ነው፣ ሰር" አለኝ።

ለደኅንነታችን! እኛ ያመለከትነው እኮ ሌላ ነው። መብራት ይብራ አልን። ሰማያዊዋን አደንዛዥ ክኒን በፎይል ላይ እያጨሱ የሚወድቁት ሕክምና ያግኙ አልን። ሻጩ ይያዝ አልን፤ ነጭ መኪናውን ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ፓርክ አድርጎ እንደ ፖስተኛ ሰዓቱን አክብሮ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴን የእታገኝን ቦርሳ ነጥቆ መሬት ላይ የጣላት ጎረምሳ ይፈለግ አልን። ከዚህ ሁሉ መሀል አካባቢውን የሚያስተዳድረው ካውንቲ አንድ ወንጀለኛ ያዘ። ወንበሩን።

ትሬሲ ከምሰሶው ሥር ተኮራምታ ነበር። ድሮ ካዚኖ ውስጥ መጠጥ ታዞር የነበረች ሴት ናት፤ አሁን ክኒኗ እሷን ያዞራታል። ያም ሆኖ እታገኝ ስትመጣ ሁልጊዜ ከወንበሩ ትነሳላት ነበር።

"ፓፓ፣ ቤቴን ሰረቁኝ" አለችኝ።

"ፖሊስ ጥሪያ" አልኳት።

ሳቀች። ቢያንስ እሷ ሳቀች።

ማክሰኞ

እታገኝ ዛሬ ዳያሊሲስ አልሄደችም።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማሽን ላይ ትውላለች። አንድ ቀን መቅረት ማለት መርዙን ይዞ ማደር ማለት ነው። ከኔ ሥር ያለው አፓርታማ ውስጥ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ በጡረታ የወጣች ሴት ናት። የእድራችን ልጆች ግማሾቹ ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ "እማማ፣ እኛ እንውሰድዎ" ሲሏት "በሳምንት ሦስቴ የሰው የሥራ ሺፍት አልበላም፣ አውቶቡስ አለልኝ" ትላለች። ግትር ናት። ግትርነቷን እወደዋለሁ። ለሷ ግን አልነግራትም።

በሯን አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ሙሽራው።"

"ሂድ ወዲያ፣ አንተ አሮጌ!"

አልከፈተችም። በር መሀላችን ሆኖ አወራን።

"ለምን ቀረሽ?"

"የት ተቀምጬ ልጠብቅ? በዚህ እሳት ላይ ቆሜ ልቅለጥ? ያ ልጅስ ቢመለስ?"

"ነገ ሄጄ አቤት እላለሁ።"

"በል እንጂ። ዋሱ አንተ አይደለህ እንዴ?"

ደረጃውን ወደ ቤቴ ወጣሁ። 

እውነቷን ነው። ዋስ የሆንኩለት ሰውዬ ለካውንቲው ምክር ቤት ኮሚሽነርነት ሲወዳደር ድምፅ ፍለጋ እድራችን አዳራሽ መጥቶ ነበር። ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እናቶቻችሁ እዚያ ፌርማታ ላይ ሳይፈሩ ይቀመጣሉ፤ ለታመሙትም የሕክምና አልጋ አመጣለሁ፤ ቃሌ ነው" አለ። ጋቢ አለበስነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቶ ጋቢ የለበሰ ሰው ታስሯል። እሱ ለካ ፎቶ እየተነሳ ነበር።

ያን ቀን እታገኝ ብቻ እጇን አውጥታ "ዋሱ ማነው?" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቀልደኛው ደግሞ ሳቅ ባለበት መቀመጥ አልችልም፤ ብድግ ብዬ "እኔ ነኝ ዋሱ!" አልኩ። ጭብጨባው! ከዚያ በኋላ ግን ማንም እንደ ቀልድ አልያዘውም። ድምፅ የመስጫው ቀን አሮጊቶቹ አንድ በአንድ "ወርቁ ዋስ ነው" እያሉ ሄደው መረጡት። እኔ ስቀልድ እንደማልዋሽ ስለሚያውቁ ነው።

ረቡዕ

የካውንቲው ስብሰባ ላይ ዋልኩ። ልጄ ሜሮን ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከሰመርሊን፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ መጥታ ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ "አባባ፣ እባክዎ እንዳይቀልዱ" ስትል ነበር። "እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?" አልኳት። መሪውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

መጀመሪያ ሰውዬው ስለ ሰላምና ደኅንነት ሪፖርት አቀረበ። ከዚህ በፊት ወንበራቸው ከተነሳ ፌርማታዎች ቅሬታ መምጣቱ ቆሟል አለ። አጨበጨቡለት። ሰው የማይቀመጥበት ቦታ ማን ያማርራል? መቃብርም ቅሬታ የለበትም።

የኔ ተራ ደረሰ። ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጡት፤ ሰዓቱ ፊት ለፊት ወደ ኋላ ይቆጥራል። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይሻሻላል።

"ጋቢያችንን ልቀበል ነው የመጣሁት" አልኩ።

ሜሮን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"ጋቢው የተደረበው ቃል ላይ ነው። ቃሉ ከሌለ ጋቢው የኛ ነው" አልኩ።

ሰውዬው በሙሉ ጥርሱ ፈገግ አለ። በጣም እንደሚወደው፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ እንደሰቀለው ነገረኝ።

"እንግዲያው ግድግዳህን አልብሰሃል፣ እታገኝን ግን ፀሐይ ላይ ጥለሃታል" አልኩት። ማይኩ ጠፋ። ጊዜዎ አልቋል አሉኝ።

ካበቃ በኋላ ኮሪደር ላይ ጠበቅሁት። ሜሮን ክንዴን እየጎተተች ነበር።

የሕክምና አልጋውስ? አልኩት። እሱ የስቴቱ መንግሥት ጉዳይ ነው አለ። መብራቱስ? ሌቦች የመዳብ ሽቦውን ቆርጠው ወስደውታል፣ የፖሊስ ጉዳይ ነው። ክኒን ሻጩስ? እሱም የፖሊስ። ወንበሩስ?

"ወንበሩ የኛ ነው" አለ።

ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ በእጁ ያለው ወንበሩ ብቻ ነበር። እሱን ነቀለው።

ሲሰናበተኝ ደግሞ "ሰር፣ ስምዎን ማን አሉኝ?" አለ። ዋሱን! ለሱ ስል የሃምሳ ዓመት ስሜን አስይዤ!

መኪና ውስጥ ሜሮን "አባባ፣ ከኛ ጋር ይግቡ። ሰመርሊን እኮ ሰላም ነው" አለች።

"ሰመርሊን ዛፉ እንኳ ተፈቅዶለት ነው የሚያድገው" አልኳት።

"እየቀለድኩ አይደለም።"

"እኔም።"

እራት አልበላሁም። ስናደድ አይበላልኝም፤ ዛሬ ግን ንዴትም አይደለም። አፍሬ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ሳንኳኳ ከፈተችልኝ። ፊቷ አብጧል። እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ያዘጋጀሁትን ቀልድ ተውኩት።

"እታገኝ፣ ከዋስነቱ አውርጂኝ" አልኳት። ባለጉዳይዋ እሷ ናት፤ እሷ ካላወረደችኝ ማንም አያወርደኝም።

"አላወርድህም" አለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ። "ዋስ ማለት የጠፋውን ሰውዬ ያመጣል። ካጣው ራሱ ይቆማል። በል ና፣ ቁም!"

ሄጄ ቆምኩ።

ምሰሶው የሚጥለው ጥላ ቀጭን ናት፤ እንደ ቀበቶ። ትሬሲ ቀድማን ቆማባታለች። እታገኝ ስታያት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣበቀች። ትሬሲ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ የፊቱን ለቀቀችላት። እንደ ዳቦ ሰልፍ ተደረደርን፤ እታገኝ ከፊት፣ እኔ ከመሀል፣ ትሬሲ ከኋላ። መኪና የሚነዱት ሰዎች እያዩ ይገረሙብን ነበር።

"እስቲ ጠይቃት፣ ያን የሕክምና አልጋ ሰጧት ወይ?" አለችኝ እታገኝ በአማርኛ።

ጠየቅኋት። "ነገ ደውዪ ይሉኛል፣ ነገ ስደውል ነገ ይሉኛል። አሁን ደግሞ ስልኬን ወሰዱብኝ" አለች ትሬሲ።

ተረጎምኩላት። እታገኝ ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው ሰውዬው ሁለታችንንም ነው የዋሸን" አለች። ቦርሳዋን ግን አላላላችውም። ልፈርድባት አልችልም፣ ጉልበቷ ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም።

አውቶቡሱ ዘገየ። እታገኝ "ልመለስ ነው" አለች። "እሺ፣ በጀርባዬ አዝዬሽ ልውሰድሽ" አልኳት። "መንገድ ላይ ትሞትብኝና ሬሳህን ተሸክሜ ልሂድ?" ብላ ቆመች። ስትሰድበኝ ደስ አለኝ፤ ተስፋ ያለው ሰው ነው የሚሳደበው።

አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ ነጩ መኪናም መጣ። መስኮቱ ወረደ። ትሬሲ ከጥላው ወጣች።

"ትሬሲ!" አልኩ።

አልዞረችም፤ ወደ ወረደው መስኮት ሄደች። ማዶ፣ የገበያ ማዕከሉ መግቢያ ላይ፣ አንድ የፖሊስ መኪና ቆሞ ነበር። ሞተሩ በርቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ውስጥ ያለው ፖሊስ ማቀዝቀዣው ተስማምቶታል። ነጩ መኪና በፊቱ አልፎ ሄደ፤ ሰላምታ መስጠት ነው የቀረው።

ይሄን የምጽፈው ዳያሊሲሱ ቤት መጠበቂያ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። ነርሷ እታገኝን ማክሰኞ ለምን ቀረሽ ብላ ተቆጣቻት። "ሌላ ጊዜ በአምቡላንስ ነው የሚያመጡሽ" አለቻት። ብተረጉምላትም ነገሩ እንዳልገባው ሰው እሺ ብቻ አለች። አሁን ተኝታለች። ታንኮራፋለች።

ዓርብ

እብጠቷ ጎድሏል። ጫማዋ ገባ። ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝታኝ "ትናንት ፊትህን ሳትታጠብ ነበር የመጣኸው" አለችኝ። ጤና መሆኗ ነው።

ትሬሲን ግን ዛሬ አላየኋትም። ፌርማታው ድረስ ሁለት ጊዜ ወርጄ ነበር።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ከሰውዬው ቢሮ ነው። ድምፅዋ ማር የሆነ ልጅ ናት። ምርጫ እየቀረበ ነውና ኮሚሽነሩ ማኅበረሰባችሁን ማመስገን ይፈልጋል፣ አዳራሻችሁን ብትፈቅዱልን አለችኝ። ረቡዕ ዕለት እዚያ የጮህኩት ሽማግሌ እኔ መሆኔን አታውቅም። የድሮ ፎቶ ላይ አጠገቡ ቆሜ ስላየችኝ ነው የደወለችው።

አንድ ሺህ ስድብ መጣልኝ። ዋጥኩት። "ባለጉዳይዋን ልጠይቅ" ብዬ ስልኩን ይዤ ወደ እታገኝ ወረድኩ።

እታገኝ ሰማችኝና ብዙም አላሰበችም። "ይምጣ። አዳራሽ ግን አይደለም። ነገ ጠዋት ፌርማታው ላይ ከኔ ጋር ይቁም። አውቶቡሱ እስኪመጣ ብቻ።"

ለልጅቷ በስልኩ ነገርኳት።  ከዚያ "ፕሮግራሙን ቼክ አድርጌ መልሼ እደውልልዎታለሁ" አለች። አልደወለችም። ዋስ ሁንለት ብትለኝም አልሆንም ነበር።

"እሱ ቢቀርስ፣ አንቺ ነገ ትሄጃለሽ?" አልኳት እታገኝን።

"እሄዳለሁ። ምን አማራጭ አለኝ?" አለች። "አንተም እንዳታረፍድ።"

ወጣሁ። ደረጃውን ሳልጀምር በሯን ቆለፈች። የላዩን ቁልፍ፣ የታቹን ቁልፍ፣ ከዚያም ወንበር እየጎተተች በሩ ላይ ስታስደግፍ ሰማሁ።