ስለተቀቀለው የወይዘሮ ብርቱካን ዘር

ይድረስ ለክቡር የግብርና ኮሌጆችን ድጋፍ ለሚያጠናው የፌዴራል ጎብኚ ቡድን መሪ፣
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣ ከደብረ ታቦር ከፍ ብሎ ከጉና ብርድ ሥር ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይም ሆድዎ እንደምን ከረመ? እኔ በአስታ ሜዳ ግብርና ኮሌጅ የድንች ዘር አያያዝ መምህርት ሠናይት ይሻው፣ ከማፈሬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጥር ሃያ ስምንት ቀን እንደሚመጡ በማኅተም ጽፈውልን ሳለ፣ ሰኞ ጠዋት መኪኖችዎ የሐሙሲትን ከተማ ማለፋቸውን በስልክ ስላበሰሩን ለመደናገጥ የሚበቃ ጊዜ አግኝተናል። ለሐሙስ የተገዛው በግ ታስሮ ነበር፤ ሰኞ ግን የነነዌ ጾም መግቢያ ስለነበረ ነፍሱ ተረፈች። የእንስሳት እርባታ ተማሪዎቻችን ዛሬም በተግባር የሚማሩበት ብቸኛ በግ እሱ ነው።

ሁለተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ዲናችን ለፌዴራል እንግዳ ሽሮ ብቻ አቅርቦ ድጋፍ መጠየቅ ነውር መስሎ ታያቸው። በግቢያችን ከሽሮ ሌላ የተገኘው የጾም ምግብ ከበሽታ የጠራ ሃምሳ ኪሎ የድንች ዘር ነበር። የዘር ማከማቻ ስለሌለን፣ መስኮቱን በጆንያ በጋረድነው መማሪያ ክፍል ወለል ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ማከማቻ እንዲሠራልን የለመንነውም በማመልከቻችን ገጽ ሁለት ላይ ነው። ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር። ዲኑ አላስገደዱኝም፤ እምቢ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን በእርስዎ ፊት ደህና ሆነን እንድንታይ እኔም ስለፈለግሁ ከፍቼ ሰጠሁ። ተማሪዎቼን እንዳትነኩት እያልኩ የምቆጣበትን ጉንቁል በገዛ ጣቴ እየለቀምኩ ድንቹን ለወጥ ቤት አቀበልኩ።

እርስዎማ ምን በወጣዎ፤ የቀረበልዎትን በሉ። ሁለት ጊዜ አስጨምረው ጣዕሙን ካመሰገኑ በኋላ የዝርያውን ስም ሲጠይቁ፣ እኛ መምህራን ሁላችን ጣሪያውን እናይ ነበር።

ሦስተኛ፣ በመጋቢት ስለላኩልን መልስ አመሰግናለሁ። ኮሌጁ የተትረፈረፈ የድንች ምርት እንዳለው በጉብኝቱ ወቅት በዓይን ስለተረጋገጠ፣ የማከማቻው ጥያቄ አስቸኳይ ሆኖ አልተገኘም ይላል። እኛ ያለን ለመምሰል ደከምን፣ እርስዎም አመኑን። እንዲህ ያለ እምነት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው።

አራተኛ፣ ዘሩ የእኛም አልነበረም። ለወይዘሮ ብርቱካን ፈንታሁን ቃል የተገባ ነበር። እኒህ የኮሌጁ ጎረቤት፣ ድንቻቸው ሁለት ዓመት በተከታታይ በበሽታ ጠውልጎ ስለቀረባቸው፣ ንጹሕ ዘር እንሰጥዎታለን ስንላቸው ጓሯቸውን ሦስት ጊዜ አርሰው የመስኖውን ቦይ ጠርገው ይጠብቁ ነበር። ማክሰኞ ማለዳ አህያቸውን እየነዱ ባዶ ጆንያ ይዘው መጡ። የሆነውን መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። ለእንግዳ ከሆነማ ምን ይደረጋል ብለው ጆንያቸውን መልሰው አጠፉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጓሯቸው እስከ ዛሬ ጦሙን ያድራል፤ እኔም ወደ ኮሌጅ ስሄድ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ገጽ ሁለትን እንደገና እንዲያነቡልን፣ ያለን ለመምሰል ከደከምንበት ቀን ይልቅ የጻፍነውን እንዲያምኑ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

መልካም የምግብ ፍላጎት ላላቸው እንግዳችን እጅ እየነሣሁ፣
የባዶው ክፍል ቁልፍ ያዥ
ሠናይት ይሻው

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ብርቱካን ከግቢው ሳይወጡ ዞር ብለው፣ እንግዶቹ ጠግበው መሄዳቸውን ጠይቀውኝ ነበር። መልሱ በእርስዎ ዘንድ ነው። ክቡርነትዎ በማኅተም ቢጽፉልኝ፣ ወስጄ አነብላቸዋለሁ።