ይዝሩ ያልኩበት ክረምት

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2007

ዛሬም አልዘነበም። ሐምሌ ገብቶ የሮቢት አቧራ እንደ ግንቦት ይጨሳል። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ሲንጣጣ ይውላል።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነ። የባለቤቴ ዝውውር ዘንድሮም ቀረ። እሱ ሞጣ፣ እኔና ጸደንያ እዚህ። ሦስተኛ ክረምታችን።

ልጆቹ ሲነታረኩ ዋሉ። ጸደንያና የአከራያችን የራቢዓ ልጅ ናጅዋ። ሁለቱም ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ካልተገናኙ ያለቅሳሉ፣ ከተገናኙ ይጣላሉ። ራቢዓ ጾመኛ ናት። በዚህ ሙቀት ጠብታ ውኃ ሳትቀምስ ትውላለች። "እባክሽ መምህርት፣ አንድ ነገር አስይዣቸው። ጭንቅላቴን ሊያፈነዱት ነው" አለችኝ።

ተረት ልነግራቸው ስል ናጅዋ ቀደመችኝ።

"ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከደመና።"

"ደመናስ?"

"ከውኃ።"

"ውኃውስ?"

"ከዝናብ።"

ትንሽ አሰበች። "ታዲያ ማን ይጀምር?"

ሳቅኩ። ከዒድ በኋላ በዓይንሽ አሳይሻለሁ አልኳት። ጥያቄው የእሷ አይደለም፤ ገጠር ያሉት አያቷ በየቀኑ እየደወሉ "ሮቢት ዘነበ?" ይላሉ። ልጅ የሰማውን ነው የሚጠይቀው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ሙቀት። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ዒድ። ራቢዓ በጠዋት የምስር ሳምቡሳና ቴምር ላከችልን። ዓርብ መሆኑን አልረሳችም።

አባቷ ጋሼ ሙሄ መጡ። ከጀውሃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ቀያቸው። በየዓመቱ ለዒድ ፍየል እየጎተቱ ነበር የሚመጡት፤ ዘንድሮ በትራቸውን ብቻ። ራቢዓ በር ላይ ተቀብላ እጃቸውን ሳመች፤ ስለ ፍየሉ ማንም ምንም አላለም። ማሽላው ገና በጉልበቱ ሳለ ደርቋል አሉ። በሚያዝያ የዘሩት። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገሩት... ሻይ ውስጥ ስኳር እያማሰሉ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

የገባሁትን ቃል ፈጸምኩ።

ከጭማቂ ቤቱ በረዶ ለመንኩ። በባጃጅ እስክደርስ ግማሹ ቀልጦ ቀሚሴን አራሰው። ውኃ አፈላሁ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ለካ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ማሞቅ ነበረብኝ። ሁለተኛው አፈ ሰፊ የማር ጠርሙስ ነው። ትኩሱን ውኃ እስከ ግማሽ ሞላሁና አፉ ላይ ሰሃን ከደንኩበት። ሰሃኑ ላይ በረዶውን። ልጆቹን ከትኩሱ ራቅ አድርጌ በረንዳው ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ይኼ ባሕር ነው" አልኩ፣ ውኃውን እያሳየሁ። "ይኼ እንፋሎቱ። ሰሃኑ ደግሞ ከላይ ያለው ብርድ ነው። እንፋሎቱ ብርዱን ሲነካ ምን ይሆናል? እዩ።"

ትንፋሻቸውን ይዘው አዩ። ጠርሙሱ በውስጥ ጉም ለበሰ። ከሰሃኑ ሥር ነጠብጣብ ተንጠለጠለ፤ ወፈረ፣ ወፈረና... ጠብ። አንድ። ከዚያ ሌላ።

ናጅዋ ዘላ ተነሣች። "ዘነበ! እማዬ፣ ዘነበ! ዘነበ!"

ራቢዓ ከማድ ቤት እየሮጠች ወጣች። እጇ ሊጥ ነው። ግቢው መሃል ቆማ መዳፏን ዘረጋች፣ ቀና አለች። ጋሼ ሙሄም ከተኙበት ተነሥተው የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ፤ ባዶ እግራቸውን፣ ሽርጣቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር።

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኛ ዞሩ። ጠርሙሷን አዩ።

ራቢዓ ወደ ሊጧ ተመለሰች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ ሙሄ ግን መጥተው ከልጆቹ ጋር ቁጢጥ አሉ። "እስቲ ድገሚው" አሉኝ። የቀረውን በረዶ ጨምሬ ደገምኩ። አገጫቸውን በትራቸው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው አዩ።

"እና ከታች ሙቀት፣ ከላይ ብርድ።"

"አዎ ጋሼ ሙሄ።"

"ሙቀቱስ ሞልቶናል። ከላይ ያለው ነው የጎደለን።" በጣታቸው ሰሃኑን ነክተው፣ "መቼ ይመጣል?" አሉ።

ለልጅ ከማስረዳው በላይ አላውቅም። ግን አላውቅም አላልኩም። ነሐሴ ላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ተስፋ አለው፣ ምናምን... ቀባጠርኩ።

"አላህ ዕውቀት ሰጥቶሻል" አሉኝ ሲነሡ።

ደስ አለኝ። እዚህ ማንም አያነበውም፤ ልጻፈው። በጣም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 21

ዘነበ! የእውነት!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋስ አቧራውን አስነሥቶ አለበሰን፣ ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ያህል። ልጆቹ እርቃናቸውን ግቢ ውስጥ ጨፈሩ። ራቢዓ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት ሳይቀር አወጣች። እየሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

ራቢዓ ስልኳን ይዛ መጣች። "አባቴ ነው። አንቺን ነው የፈለገው።"

ጋሼ ሙሄ ናቸው። ስልክ ላይ ይጮኻሉ።

"መምህርት! እኛም ጋ ዘንቧል!"

"እንኳን ደስ አለዎት!"

"የቀረችኝ ግማሽ ጆንያ ማሾ ናት። ለዘር ያኖርኳት። የግብርናው ልጅ ዝናቡ ይርጋ፣ ሁለት ሦስቴ ይደጋግም፣ እስከዚያ ቆዩ ይላል። ብቆይ ደግሞ እርጥበቱ ጠፊ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ወደ ደጅ ወጣሁ። በጣርማ በር ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ፊቴን ቀዝቃዛ ነፋስ ነካው። ራቢዓ አፍ አፌን ታያለች። ናጅዋ ቀሚሴን ይዛለች።

"ከላይ ቀዝቅዟል ጋሼ ሙሄ። የሚቀጥል ይመስለኛል። ይዝሩ።"

"ይዝሩ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ። ይዝሩ።"

"ኢንሻአላህ" ብለው ዘጉት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 27

ደመናው መጣና ሄደ። አልዘነበም።

እሑድ፣ ነሐሴ 3

ማሾው በቅሏል! ናጅዋ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። "አባባ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል አለ።" ጸደንያ ደግሞ፣ "እማዬ ናት ያዘነበችው" አለቻት። "አይደለም" አልኩ፤ ግን ቆጣ ብዬ አልነበረም። ለምን ቆጣ ብዬ አልተናገርኩም?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12

ከሐምሌ 21 ወዲህ አንድ ጠብታ የለም። ሃያ አንድ ቀን። ጋሼ ሙሄ በየቀኑ መደወል ትተዋል። ራቢዓን "አባትሽስ?" ስላት፣ "ደህና ነው" ትላለች። አጭር መልስ። ዓይኔን አታይም።

እሑድ፣ ነሐሴ 17

ሄድኩ። አለመሄድ አልቻልኩም።

ራቢዓ ልትጠይቃቸው ስትነሣ "አብሬሽ ልሂድ?" አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። በሚኒባስ እስከ ጀውሃ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ያህል። መንገዱ ላይ የከብት ሬሳ አየሁ፤ ሁለት። ራቢዓ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቀድማኝ ሄደች።

ጋሼ ሙሄ ማሳው ዳር ነበሩ። ከስተዋል። ማሾው ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ቀርቷል። ከሩቅ ቢጫ፣ ከቅርብ ግራጫ። አንዱን ነቀልኩት፤ እጄ ላይ ተሰባበረ።

"ይቅርታ ጋሼ ሙሄ" አልኩ።

"የአላህ ሥራ ነው።"

ራቢዓ ያኔ ፈነዳች። "የአላህ? ቆዩ አላለህም ያ ልጅ? ቢያንስ ቀቅለህ ትበላው ነበር! የጠርሙስ ጨዋታ አይተህ..."

"ራቢዓ።"

"ልጅ የምታጫውትበትን አይተህ ዘርህን አፈር ውስጥ..."

"ራቢዓ! ዝም በይ። እንግዳ ናት።"

እንግዳ። ሦስት ዓመት አንድ ግቢ ኖሬ፣ ዛሬ እንግዳ ሆንኩ።

ጋሼ ሙሄ የማሳውን የእሾህ አጥር በበትራቸው ገፍተው ከፈቱ። ፍየሎቹን በፉጨት ጠሩ። አምስት ናቸው የቀሩት። ገብተው የማሾውን ደረቅ ቅጠል ሲግጡ ቆመን አየን። "እነሱ እንኳ ይቅመሱት" አሉ።

ስንመለስ ራቢዓ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። እኔ ከኋላ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 20

ናጅዋ ባዶ ባልዲ እየጎተተች ቤቴ ገባች።

"ትልቁን ሥሪልን።"

"የምኑን ትልቅ?"

"የዝናቡን። ጠርሙሱ ትንሽ ስለሆነ ነው ጠብታው ያነሰው። ብዙ በረዶ እንገዛና ይዘን አባባ ጋ እንሄዳለን።"

አቅፌያት "የኔ ቆንጆ፣ አይሆንም" አልኳት። "እኔ ዝናብ መሥራት አልችልም።"

"ችለሻል እኮ። አይቻለሁ።"

ራቢዓ ከደጅ ተጣራች። "ናጅዋ! ነይ ውጪ ከዚያ!" ልጅቷ ባልዲዋን ጥላ ወጣች። ወዲያው በራቸው ሲዘጋ ሰማሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

ናጅዋ መምጣት አቁማለች። ጸደንያ በራቸውን ከመስኮታችን ስታይ ትውላለች። "ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። "አንቺ ምንም" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 3

የጋሼ ሙሄ የቀረው አንድ በሬም ሞተ። ከራቢዓ አይደለም የሰማሁት፣ ከሱቅ ነው። ወንዶቹ ልጆቻቸው የቀሩትን ከብቶች ይዘው ሣር ፍለጋ ወደ አዋሽ ወርደዋል ተባለ።

ለባለቤቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። "አንቺ የሰማዩ ጌታ ነሽ እንዴ? እሳቸውም ትልቅ ሰው ናቸው፣ አስበው ነው የዘሩት" አለኝ። ልክ ነው። ግን ስልኩን ስዘጋ አልቀለለኝም። ከጠየቁት ሰው ሁሉ "ይዝሩ" ያልኳቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 2008

ዓመት ተለወጠ አሉ። ጸደንያ ለናጅዋ የአበባ ሥዕል ሳለችላት። ልስጣት አልስጣት ስትል ዋለች። በመጨረሻ በበሩ ሥር አሾለከችው። ማንም አላነሣውም፤ ወይም ተነሥቶ አላየንም።

ዓርብ፣ መስከረም 21

ቢበዛ አምስት መስመር ጽፌ ልተኛ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት...

የእርዳታ ስንዴ ተቀባዮች ምዝገባ ነበር። ጸሐፊ ስላነሰ ጽሑፋችን የሚነበብ መምህራንን ጠሩን። ግራር ሥር ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የቀለም ማኅተም። ሰልፉ እስከ መንገዱ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ቀና ካልኩ የሚያውቀኝ ያየኛል ብለው የፈሩ ይመስላሉ።

ረፋድ ላይ ቀጣዩን ስም ልጠይቅ ቀና ስል ጋሼ ሙሄ ናቸው።

ለማኝ አብልተው የሚሸኙ ሰው ነበሩ። ራቢዓ ናት የነገረችኝ፣ ድሮ፣ ስንነጋገር።

ስማቸውን አልጠየቅኩም። ጻፍኩ። ሙሄ። የቤተሰብ ብዛት... "ሰባት" አሉ። ሰባቱን ሰርዤ ደግሜ ጻፍኩት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ከጎኔ ነው። ሁሉንም የሚጠይቀውን ጠየቃቸው።

"ክረምቱን ዘርተዋል?"

"ዘርቻለሁ። ማሾ።"

"ቆዩ ተብሎ አልነበረም? ማን ዝሩ አለዎት?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

አላዩኝም። ጠረጴዛውን ነው ያዩት። የኔ እስክሪብቶ ቆመ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሰብሳቢው ዞረ። "ምን?"

"ዝሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጠይቀውኝ፣ ሳላውቅ ነው የነገርኳቸው።"

ፎርሙን አየ፣ እኔን አየ። "ለእሱ ቦታ የለውም መምህርት። ቀጥይ እባክሽ፣ ሰው ቆሟል።"

በቃ። ሁለት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተሸከምኩት ነገር ይኼን ያህል ነበር።

ጋሼ ሙሄ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት። ከኋላቸው ያለችው ሴት ስሟን ነገረችኝ። ጻፍኩ።

ለምሳ ስንነሣ መንገዱ ዳር የዛፍ ጥላ ይዘው መኪና ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ጎናቸው ቆምኩ። ከባድ መኪኖች እያለፉ አቧራ አለበሱን።

"ልጄ ጨክናብሻለች አሉ" አሉኝ። "ናጅዋን አትያዥባት ብያታለሁ።"

"አላዘንኩባትም።"

"ሰው የሚቆጣበት ሲያጣ ቅርብ ያለውን ነው የሚይዘው።" ሰማዩን ቀና ብለው አዩ፤ ነጭ ነው፣ ባዶ። "አሁንስ? ለመጪው በልግ ይዘንባል?"

"አላውቅም፣ ጋሼ ሙሄ።"

ዞረው አዩኝ።

"እኔም አላውቅም" አሉ። "ያን ቀን በስልኩ እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ..."

አልጨረሱትም። ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። በትራቸውን አቀበልኳቸው፣ ገቡ።