የፍሪዘሬን ስም አጥፍቼ ዋጋ ያስጨመርሁበት ቀን

ለታላቅ እህቴ ለዘይነት፣ ድሬዳዋ

እታለሜ፣ አሰላሙ አለይኪ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ መስዑድስ፣ ልጅሽ ተቅዋስ? ሙቀቱ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከቅናት በቀር የሚያመኝ የለም። ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው አለ እንዳትይ፤ ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣው ወንድምሽ በገዛ እጁ ነው የጻፈው። ተማሪዎቹ ዐሥራ አንድ ነበርን፤ እሱን ለሰው አታውሪ።

አምና እኔና ጎረቤታችን ፈሀድ ለዓሣ ንግዳችን ባንድ ቀን፣ ካንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ፍሪዘር ገዛን። የፋብሪካው የአንድ ዓመት ጋራንቲ ዓርብ ያልቃል፤ ሁለት ዓመት ይጨመርልኝ ያለ ይከፍላል። ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ደግሞ የሸተተ ዓሣ ገብቶበት ስለሚያውቅ፣ ከእንግዲህ ቀረሶ ዓሣ የምገዛው ፍሪዘሩ ጋራንቲ ካለው ነጋዴ ብቻ ነው አለ። እስከ ዓርብ ወረቀቱን ካላሳየሁ ሆቴሉ ጠቅልሎ የፈሀድ ነው።

ቀድሜ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው የፋብሪካው ቢሮ ሄድሁ። ወንጌላዊት የምትባል ሠራተኛ ፍሪዘሩ እንዴት ነው አለችኝ። እኔ ገበያ ያደግሁ ሰው! በሬ የሚገዛ በሬውን ያሞግሳል እንዴ? ዋጋ ላስወርድ ብዬ ማጣጣል ጀመርሁ። ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል፣ መብራት በሄደ ቁጥር ያቃስታል፣ ክዳኑም ላልቷል አልሁ። እታለሜ፣ ሐሰት እኮ ነው፤ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ዕቃ ነው! እሷ ሁሉን ጽፋ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ብር አለችኝ። ቀንሽ ብላት ሳቀች። ፋብሪካው ዋጋውን የሚያወጣው ከመቶው ስንቱ እንደሚበላሽ ገምቶ፣ የመለዋወጫውንና የጠጋኙን ወጪ አስልቶ፣ ትርፉን ጨምሮ ነው፤ ሊበላሽ የተቃረበ ብዙ ይከፍላል፣ መቃረቡን ደግሞ አንተው መሰከርህ አለችኝ። ድኗል ብላት፣ ባለሙያ አይቶት እንጂ አልሰርዝም፣ ባለሙያው የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው አለች።

በማግስቱ ፈሀድ ሄዶ፣ እንዲያው ድምፁም አይሰማ፣ ጥላ ሥር ነው ያለው ብሎ በአራት ሺህ ሁለት መቶ ጨረሰ። ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። አንብብልኝ ብሎም ጠራኝ፤ ከአንደኛው ተማሪ ሌላ ማን ያነብለታል! እያነበብሁ አንጀቴ አረረ። ይበላሽበት ብዬ እንዳልራገም፣ በነጻ ይጠገንለታል። ለእርግማን እንኳ የማይመች ሰው!

እኔ ደግሞ ጀልባ መውጫው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የኔ ፍሪዘር ጋራንቲ አይሻም ብዬ ፎክሬአለሁ። ባለቤቴ ሀኒያ፣ ምላስህ ነው ያስወደደብህ፣ ሂድና ክፈል አለችኝ። ነገ እሄዳለሁ፣ የተባልሁትን ሁሉ ከፍዬ እፈርማለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራሽን፤ ፈሀድ ደውሎ ስንት ከፈለ ያለሽ እንደሆነ፣ አራት ሺህ በይው።

መስዑድን ሰላም በይልኝ፤ ተቅዋን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ሀኒያ ናፍቆቷን ልካልሻለች። ፈሀድም ሰላም ብሎሻል፤ ያንንም ከኔ አስቀድሞ።

ወንድምሽ ጀላሉዲን
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.