በትልቁ ስታዲየም እየቀኑ በትንሹ የኖሩት የአቶ ባስልዮስ ወልደሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ባስልዮስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሚካኤል ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋንታዬ ደስታ በ1949 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ካጠናቀቁ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ገቡ። አብረዋቸው የመጡት የስደት ጓደኛቸው አቶ ግርማቸው ዛሬ ከፊታችን ተቀምጠው የሚያለቅሱት ናቸው። ሁለቱ ዋይንላንድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርትመንት ተጋርተው፣ አንድ ካፖርት በፈረቃ እየለበሱ ሥራ ፈለጉ።

አቶ ግርማቸው በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም የበር ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኑ። አቶ ባስልዮስ ደግሞ በትንሹ ግሌንሪጅ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ማሊያ አጣቢ ሆኑ። ቅናቱ የተጀመረው ያኔ ነው። እሳቸው ደብቀውት ስለማያውቁ እኛም አንደብቀውም። አቶ ግርማቸው ማኅበር ላይ «ቅዳሜ መቶ ሺህ ሰው ገባ» ሲሉ፣ «እኛ ጋ እንኳ ሰው እግሩን ዘርግቶ ነው የሚያየው» ይሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከወ/ሮ ላቀች ጋር በተክሊል ተጋብተው ኤልናታንንና አርሴማን ወለዱ፤ ሚነርቫ ፓርክም ቤት ገዙ። ወ/ሮ ላቀች «የሰው ልጆች ማሊያ ሲያጥብ ይውላል፣ የራሱን ሸሚዝ ለእኔ ይጥላል» እያሉ በተራቸው በቡድኑ ይቀኑ ነበር። አርሴማ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ የመረጠች ጊዜ አቶ ባስልዮስ «ከእነ ግርማቸው ጋር ገጠምሽ?» አሏት። «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ስኩል» ብትላቸውም እስከ ምረቃዋ ድረስ የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠሩም።

ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጋጠሙ ኮሌጆች ማኅበር ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ኮሌጆች የቴሌቪዥን ገንዘብ እያዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞሩ ጀመር። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ኮንፈረንስ ከካሊፎርኒያ ድረስ አባላት ሲያመጣ፣ የግሌንሪጅ ጎረቤት ኮሌጆች ሹልክ እያሉ ሄደው ያለ ኮንፈረንስ አስቀሩት። አቶ ባስልዮስም «ለእነሱ ከአገር ጫፍ ይመጣላቸዋል፤ እኛን የአጥር ጎረቤት ጥሎን ይሄዳል!» ብለው ምግብ እምቢ አሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ኮሌጁ የሚቀበለው ኮንፈረንስ እስከ ዲሴምበር ካላገኘ ፉትቦሉን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

በዚያው ወር፣ በሐምሌ ገብርኤል፣ አቶ ባስልዮስ ቡድናቸው ኮንፈረንስ እንዲያገኝ ሊሳሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ አቶ ግርማቸው የዩኒቨርሲቲያቸውን ቀይ ኮፍያ በእጃቸው ይዘው አጥብቀው ሲጸልዩ አዩ። ቅናት ጸሎታቸውን ጠለፈው። «የእነሱ ቡድን በኖቬምበሩ ትልቅ ጨዋታ ይሸነፍልኝ፣ ጥላ አገባለሁ» ብለው ተሳሉ።

የዩኒቨርሲቲው ቡድን ተሸነፈ። በታኅሣሥ ገብርኤል መድረክ መሪው የአቶ ባስልዮስን ስለት ከነምክንያቱ በማይክሮፎን ሲናገር፣ ግማሹ ምእመን ገና ከሽንፈቱ ስላልተጽናና እልል የሚል ጠፋ። ቀጥሎ አቶ ግርማቸው ምንጣፍ ይዘው ተጠሩ። ለካስ በሐምሌ የተሳሉት ለግሌንሪጅ ኖሯል! ኮሌጁን አዲስ ኮንፈረንስ የተቀበለው በዚያው ሳምንት ነበር።

አቶ ባስልዮስ ጥላቸውን እንደያዙ አለቀሱ። ውጭ ሲወጡም፣ «ለገዛ ቡድኔ እንኳ ቀደምከኝ!» አሏቸው። አቶ ግርማቸውም «ምን ላድርግ፤ አንተ በእኔ ተይዘህ!» ሲሉ መለሱላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ባስልዮስ ስታዲየሙን ትተው በምንጣፉ ይቀኑ ጀመር። ለቅዳሴ ሲገቡም ጠርዙን ዞረው ነበር የሚያልፉት።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2025 በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የሚቀኑባቸውን የስደት ወንድማቸውን አቶ ግርማቸውን ትተው አልፈዋል።

ግሌንሪጅ በአዲሱ ኮንፈረንስ የመጀመሪያ ጨዋታውን የሚያደርገው የፊታችን ቅዳሜ ነው። አቶ ግርማቸው ከትልቁ ስታዲየም ፈቃድ ጠይቀው፣ በትንሹ ስታዲየም ከወ/ሮ ላቀች ጎን ሆነው ያዩላቸዋል።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ማንም ጥሎ ከማይሄድበት ከደጋጎቹ ማኅበር ይቀበልልን። አሜን።