ወይዘሮ ደሳለች እንድርያስ፣ የሠራተኞች ማህደር ባለአደራ (1953–2018 ዓ.ም.)

እናታችን ወይዘሮ ደሳለች እንድርያስ ከአባታቸው ከአቶ እንድርያስ ዋዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጸደ ደምሴ ጥቅምት 14 ቀን 1953 ዓ.ም. ጉለሌ፣ ቁስቋም አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ስድስት ልጆች ያሳደጉትም በዚያው ሙያ ነው። ወይዘሮ ደሳለች ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ጨርሰው፣ በ1974 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ተቀጠሩ። የቅጥሩም የዝውውሩም የጡረታውም ወረቀት በእጃቸው ያልፍ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. በየቤቱ ተደብቆ ይደረግ በነበረ የጸሎት ስብሰባ ካገኟቸው ከአቶ ግዛቸው መኩሪያ ጋር ተጋብተው አክሊልንና ሔለንን ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ አቶ ሌሊሳ የጡረታ ደብዳቤ ደረሳቸው። «ገና ሃምሳ አራቴ ነው» ቢሉም፣ ማህደሩ ስድሳ ይላልና ሰሚ አጡ። አቶ ሌሊሳ ተሰናብተው ሲወጡ ነገሩ ወይዘሮ ደሳለችን ከነከናቸው። ምድር ቤት ወርደው አቧራ የለበሱ ሣጥኖችን ለአራት ቀን አገላብጠው የአቶ ሌሊሳን የመጀመሪያ የቅጥር ቅጽ አገኙት። 1947 የሚለውን የልደት ዓመት ወደ አዲሱ ካርድ ሲገለብጡ፣ ሰባቷን አንድ አድርገው የጻፉት ራሳቸው ወይዘሮ ደሳለች ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የቡድን መሪነት ዕድገታቸው ሊጸድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ባልደረቦቻቸው «ዝም በይ፣ ማን ያውቅብሻል?» አሏቸው።

«እሳቸው ቤት ቁጭ ብለው እኔ እዚህ ልሾም?» ብለው፣ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ጽፈው ለኃላፊው ሰጡ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ዕድገቱም ለሌላ ሰው ሆነ። አቶ ሌሊሳ ግን በሁለተኛው ወር ወደ ሥራቸው ተመልሰው ስድስት ዓመት ሠሩ። እናታችን ያን ቀን ቤት ገብተው አለቀሱ። ዕድገቱ ቆጭቷቸው እንደሆነ ሲጠየቁ «አዎ፣ በጣም» አሉ እንጂ አልደበቁም።

በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም የሠፈሩ ሰው ወረቀቱን ይዞ በራቸውን ማንኳኳት አልተወም። ቁጡ ነበሩ፤ ማስረጃው ያልተሟላለት ሰው ተግሣጹን ሳይጠግብ አይመለስም፤ ደብዳቤው ሳይጻፍለትም አይሄድም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ፣ አቶ ግዛቸው በየጠዋቱ ፀጉራቸውን ያበጥሩላቸው ነበር። እሳቸውም «መሐሉ ጠመመ» እያሉ ያስደግሟቸዋል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው በቤታቸው ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የደከሙበትን የሚያውቅ ጌታ በዕረፍቱ ይቀበላቸው፤ አባታችንንም ያበርታልን።