ለፊልም ያዋስከው እንስራ

ውድ ሊዩ ፋት ሹን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብላ አስተማሪያችን ስላስተማረችን ነው። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት የአውቶቡስ ሰሌዳ ለማንበብ እንጂ ላንተ ለመጻፍ አልነበረም። ግን ፊት ለፊት ስናገርህ ትስቃለህ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም። ስለዚህ ስማኝ፤ ለሆነው ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ። ዲሬክተሩ አይደለም። እንስራውን በእግሩ የጠለዘው ተዋናይም አይደለም፤ እሱ ጥለዝ የተባለውን ነው የጠለዘው። ውስጡ ማን እንዳለ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ።

ወንድምህ ፋት ኬንግ ሲሞት እንደ ወጋችን ቀበርነው። ዓመታት አልፈው ሥጋው አፈር ሲሆን አጥንቱን አውጥቼ በሩዝ አረቄ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ የእግሩን ከታች፣ የራሱን ከላይ አድርጌ፣ እንደተቀመጠ ሰው እንስራ ውስጥ አኖርኩት። ከጀልባ ወድቆ የተሰበረው ክንዱ ጠማማ ሆኖ ነበር የገጠመው፤ ያን አጥንት በእጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ። እንስራውን ከመንደራችን በላይ ካለው አለት ሥር አስቀመጥነው፤ አንተ የመጨረሻ ማረፊያውን እስክታገኝለት። ነፋስና ውሃ አንብቦ የመቃብር ቦታ የሚመርጠው መምህር አንተ፣ ወንድሙም አንተ። ሌላ ማንን ልለምን?

በየዓመቱ መጥቼ ስጠይቅህ መልስህ አንድ ነበር። «እትዬ፣ ተራራው ዘንድሮ ዝግ ነው። ያለ ቦታው ብናኖረው ጣጣው ለኦይ ሊን ነው የሚተርፈው።» የልጄን ስም ስትጠራ ፈርቼ እመለሳለሁ። አንተ ያመጣሁልህን የተጠበሰ ዳክዬ በልተህ ጣትህን ትልሳለህ፤ እኔ ዝናብ ሲመጣ ተራራ ወጥቼ እንስራውን በላስቲክ እሸፍናለሁ። አንዴ አፉ ቢሸረፍ በሲሚንቶ ደፈንኩት። የአውራ ጣቴ አሻራ እዚያው ደረቀ።

ከዚያ ፊልም ሠሪዎቹ ከከተማ፣ ከኮውሉን መጡ። ታሪኩን ለመንደሩ ሁሉ ስታወራ ሰምቻለሁ፦ በነፋስና ውሃ ጥበብ የተደበቀ የንጉሥ መቃብር፣ ቦታውን የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ለመቃብሩ በኩንግፉ የሚፋለሙ ደቀ መዝሙሩና አንድ ዓይና ሽፍታ። መጀመሪያ አማካሪ አድርገው ቀጠሩህ፤ ኋላ ነጭ ጺም ለጥፈውልህ ሽማግሌውም አንተ ሆንክ። በመጡ ሰሞን ለሠራተኞቹ የሩዝ ገንፎ ይዤ ወጥቼ ነበር። ዲሬክተሩ፣ ያ ሲጋራ ከአፉ የማይለየው፣ «መምህር፣ እውነተኛ ንጉሥ የሚቀበርበት ቦታ ፈልግልኝ፤ ባሕሩም ከፊት ይታይ» አለህ። ኮምፓስህን እንኳ አላወጣህም። ፍየል ወደ በረቷ እንደምትሄድ ቀጥ ብለህ ሄደህ ቆምክ።

«ይኸው፤ ዘንዶው ውሃ የሚጠጣበት» አልክ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን የመቃብር ቦታ እንዲህ ነው የምትሉት። የያዝኩት ገንፎ ገና አልበረደም።

«ፋት ሹን፣ ቦታ አለ ማለት ነው?» አልኩህ።

«እትዬ ደግሞ፤ ፊልም እኮ ነው» ብለህ ገንፎውን ተቀበልከኝ።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የቀፈፍከኝ።

ፊልሙ ገበያው አጠገብ ባለው ሲኒማ ቤት ሲታይ መንደሩ በሙሉ በጭነት መኪና ወረደ። አዲስ ሸሚዝ ለብሰህ ከፊት ተቀምጠህ ነበር፤ «እትዬ፣ አጠገቤ ነይ» ብለህ ቦታ ያዝክልኝ። ደቀ መዝሙሩና ሽፍታው በጂፕሰም በተሠራው መቃብር ላይ እየዘለሉ ሲቧቀሱ ሰው ያፏጫል። ከዚያ ደቀ መዝሙሩ አንድ እንስራ በእግሩ ጠልዞ ወደ ሽፍታው አንከባለለው፤ ሽፍታውም ጠልዞ መለሰው። ክዳኑ ወልቆ አጥንቱ ተዘረገፈ። ሽፍታው የራስ ቅሉን አንስቶ ግንባር ለግንባር ገጨው። ሲኒማ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

እንስራው አፉ ላይ በሲሚንቶ ተደፍኗል።

«የማን ነው?» አልኩህ።

«ከከተማ ያመጡት ነው፤ ለቀረጻ የተሠራ» አልከኝ፤ አፍህ ኦቾሎኒ ሞልቶ።

ዓሣ ሻጯ ከኋላችን ሆና፣ «መምህር፣ ጺሙ አምሮብሃል፤ በዚሁ ሚስት ታገኛለህ» አለችህ።

«ስትስመኝ ቢነቀልስ?» አልካት። ወንድምህ አፈር ላይ ተበትኖ አንተ ከዓሣ ሻጭ ጋር ትላገጣለህ።

በማግስቱ ከኦይ ሊን ጋር ተራራ ወጣን። እንስራው ቦታው ነበር። ክዳኑን ሳነሳ እግሩ ከላይ፣ ራሱ ከታች ነው፤ ወንድምህን ዘቅዝቃችሁ ነው የመለሳችሁት። መሃሉ ላይ የሲጋራ ቁራጭ ተጥሏል። አጥንቱም በዝቷል፤ ሰው ደግሞ ሦስት ጭን የለውም። ለካ የጂፕሰም አጥንትም ይዘው መጥተው ኖሯል። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉንም ደባልቀው አፍሰውታል።

«እማዬ፣ አባባ የቱ ነው?» አለችኝ ኦይ ሊን።

ልጅ ስለ አባቷ እንዲህ ብላ ትጠይቅ? ሁሉንም አረቄ ውስጥ ዘፍዝፌ አንድ በአንድ ፈተግኩት። ጂፕሰሙ እየላሸቀ ነጭ አተላ ሆኖ ጣቴ ላይ ተለጠፈ፤ የሸተተኝ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። ያልላሸቀውን ባሌ ነው ብዬ ወሰድኩ። ጠማማው የክንዱ አጥንት ግን የለም። ከሐሰተኞቹ ጋር ተጭኖ ወደ ከተማ ሄዷል። ይኼኔ በሌላ ፊልም ሌላ ሰው ይረግጠው ይሆናል።

ቤትህ መጥቼ ስጠይቅህ አላፈርክም። «የእነሱ እንስራ በካሜራ ሲታይ አዲስ መሰለ፤ ዲሬክተሩ ተበሳጨ። ለግማሽ ቀን ነው ያዋስኳቸው፤ ሰንደልም ለኩሼለታለሁ» አልከኝ። ይህም አልበቃህም። «ደግሞ እትዬ፣ ጥሩ ቦታ ይረፍልኝ እያልሽ ስትወተውቺኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ? ግማሽ ቀን አረፈበት እኮ። ጉድጓዱም ተቆፍሮ አለ፤ ከፈለግሽ እዚያው እናኑረው።» የምሳ ትራፊ የጣሉበትን፣ የሸኑበትን ጉድጓድ ነው ያልከኝ።

አፌ ምራቅ ሞላ። ቤቱ የአባታችሁ ቤት ነውና ወለሉ ላይ አልተፋሁም፤ ደጅ ወጥቼ ተፋሁ።

እኔና ልጄ ቀብረነዋል። ኮምፓስ አልያዝንም፣ ማንንም አላማከርንም። በጎደለው ክንዱ ምትክ የጀልባውን መቅዘፊያ ስባሪ አኑሬለታለሁ። «ጣጣው ለአንቺ ይተርፋል ይላል አጎትሽ» ስላት፣ ኦይ ሊን «ይምጣ» ብላ አፈሩን መለሰች።

በየዓመቱ የሙታንን መቃብር በምንጠርግበት ቀን አትከተለን፤ ቦታውን አላሳይህም። ሚስት የለህም፣ ልጅ የለህም። ጊዜው ሲደርስ ያንተን አጥንት ማን እንደሚያወጣው ስታስብ ዓይንህ እኔ ላይ እንደነበር አውቃለሁ። ሌላ ሰው ፈልግ። ባሌን ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ አንተን አንድ ጊዜም አላጥብህም።

የፋት ኬንግ ሚስት
ዪፕ ሳም ሙይ